የሐሙስ ቀጠሮ

ትኬት ቆራጯ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ የወጣ ዕለት ነው።

በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ባሏ መነጽር ሠሪ ነው። ከሱቁ ጓዳ ቁጭ ብሎ ሌንስ ሲሞርድ ይውላል እንጂ ደንበኛ ፊት አይወጣም። ሰው ይፈራል። ሦስት ሰው ከተሰበሰበ ላብ ያጠምቀዋል፤ ምላሱ ከላንቃው ይጣበቃል። በሠርጋቸው ቀን ሁለት ቃል ተናገር ቢሉት ማይክሮፎኑን ለሙሽሪት አስጨብጦ ውልቅ አለ፤ ከመኪና ማቆሚያው ለምነው ነው የመለሱት። ከዚያ ወዲህ ከአከራይ የምትከራከረው፣ ስልክ የምታነሳው፣ የታመመ ሲጠየቅ "እግዜር ይማርህ" የምትለው እሷ ናት። ብቻውን የታየ ቀን ጎረቤት "ዛሬ አፉን ቤት ረስቶ መጣ" እያለ ይስቅበታል። እሷን ግን ከብዷት አያውቅም። አውቶቡስ ጣቢያው መስኮት ላይ ቀኑን ሙሉ ከመንገደኛ ጋር ስትነታረክ ለምትውል ሴት፣ አንድ ሰው ቢጨመርባት ምን አላት?

ያ ሰው ነው እንግዲህ በየሐሙሱ ከቀትር በኋላ ጢሙን ተላጭቶ፣ የት እንደሚሄድ ሳይናገር መውጣት የጀመረው።

እሷ ቤት ከዋለች ሁለተኛ ወሯ ነበር። ድካም ድካም ሲላት፣ ልብሷም እየሰፋት ሲሄድ ተመረመረች። ውጤቱን የተቀበለላት ባሏ ነው። ደም ማነስ ነው ተባለ፤ ኪኒን ተሰጣት፤ ዕረፍት ታዘዘላት። ታናሽ እህቷም ከሥራዋ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዳ ልታስታምማት መጣች።

እህትየዋ ይዛ የመጣችው ሻንጣ ትልቅ ነበር። ለሁለት ሳምንት ይህን ሁሉ ብላ ብትጠይቃት፣ "እንደሁኔታው ነው፣ እትዬ" አለችና ፊቷን አዞረች።

ከዚያ በኋላ ነገሮች አላምር አሏት። የገዛ አማቱን እንኳ ቀና ብሎ የማያናግር ሰው ከዚች ልጅ ጋር ማድቤት ገብቶ ይንሾካሾካል። ትኬት ቆራጯ ብቅ ስትል ወሬው ቀጥ ይላል። አንድ ቀን የሁለቱም ዓይን ቀልቶ አገኘቻቸው። ሽንኩርት ነው አሏት። መክተፊያው ላይ ሽንኩርት አልነበረም።

የባሏም ጠባይ ተለወጠ። ብትቆጣው አይመልስም። ትራሷን ያስተካክልላታል። ጋደም ስትል ወንበር ስቦ ዝም ብሎ ያያታል። የበደለ ሰው እንዲህ ያደርገዋል፣ አለች በልቧ። የሥራ ባልደረቦቿ ሊጠይቋት መጥተው ሲሰናበቱም፣ በደረቅነቷ የምትታወቀው ገንዘብ ያዥ አቅፋት ቶሎ አልለቀቀቻትም። አገር ምድሩ አውቆ እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ብላ አሰበች። በዚህስ አልተሳሳተችም።

በመጨረሻ አላስችል ሲላት እህቷን አስቀምጣ ጠየቀቻት።

"ሐሙስ ሐሙስ የት ነው የሚሄደው?"

"እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ።"

"የምትደብቂኝ ነገር አለ?"

እህትየዋ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። "ተይኝ በናትሽ" ብላ ወጣች።

ያቺን ልጅ፣ እናታቸው ሥራ ስትውል፣ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ባሏ እንደለመደው ወጣ። እህቷም ቀደም ብላ ፋርማሲ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጥታ ነበር። ትኬት ቆራጯ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ተከተለችው። መንገዱ ሩቅ አልነበረም፤ ደረጃው ግን ገደላት። በየወለሉ እየተቀመጠች፣ የብረት መደገፊያውን እየጨበጠች ሦስተኛ ፎቅ ደረሰች። የገባበት በር ላይ እንዲህ ይላል፦ "ሂፕኖቴራፒ፤ በሰመመን የሚሰጥ ሕክምና። ሰው ፊት መቅረብ ለሚያስጨንቃቸው።"

በመጀመሪያ መሳቅ አማራት። ከዚያ አፈረች። ምስኪኑን ሰውዬ ሊታከም በሄደ ምን ስትለው ከረመች!

ልትመለስ ስትል ድምፅ ሰማች። በሙቀቱ ምክንያት በሩ ገርበብ ብሏል። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት በዝግታ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው እያባበሉ ይናገራሉ። ዓይኑ እንደከበደው፣ ትከሻው እንደላላ፣ ከድምፃቸው በቀር ምንም እንደማይሰማ ነገሩት። ከአሥር ወደ አንድ ቆጠሩ።

"አሁን የት ነህ?"

"ውጭ ነኝ። ሰዉ ከቦኛል።" ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

"ምን ለብሰሃል?"

"ጥቁር ሙሉ ልብስ።"

"አጠገብህ ማን አለ?"

"ታናሽየዋ። እጄን ይዛኛለች።"

ትኬት ቆራጯ ግድግዳውን ተደገፈች። ገብታ ልታንቀው ፈለገች፤ ደረጃው ግን አቅሟን ጨርሶት ነበር። ከክህደቱ ይልቅ ሌላ ነገር አንገበገባት። ለእሷ ሠርግ አንዲት ቃል አልወጣችውም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አፍ ሆናው ስትኖር አንድ ቀን ልታከም አላለም። ለሌላዋ ሲሆን ይኸው በየሳምንቱ ሦስት ፎቅ ወጥቶ አንደበቱን ያስፈታል። እንባዋ በአገጯ ወረደ። አልጠረገችውም።

"እንግዲህ ተናገር፣ ልጄ" አሉት ሴትየዋ። "ማንም አይስቅብህም። የምትለውን ሁሉም ይሰማሃል።"

ከዚያ ተናገረ፤ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይንተባተብ፣ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ሰምታው በማታውቀው ጥርት ያለ ድምፅ።

"ባለቤቴን ልትቀብሩ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፤ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ዛሬም በእኔ ፈንታ የምትናገረው እሷ ነበረች።"