ውሃ ወይስ ሊፍት

የወረዳው ደንብ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ሕንፃ በዓመት የሚመርጠው አንድ አገልግሎት ብቻ ነው። ዓምና ሊፍት መርጠን፣ ዓመቱን ሙሉ በጀሪካን ከሌላ ሰፈር ውሃ ስንሸከም ኖርን።

ቅዳሜ ጠዋት ለዘንድሮው ምርጫ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። እትዬ ዘነበወርቅም ከአሥራ አንደኛ ፎቅ በሊፍት ወርደው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ደረጃ እምቢ ካለ ቆይቷል።

«ውሃ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለ ከወረዳው የመጣው ሰውዬ፣ ሰዓቱን እያየ።

የሦስት ወር ልጄን እንዳዘልኩ እጄን አወጣሁ። ሁሉም አውጥቷል፤ እሳቸውን ግን ደፍሮ የሚያይ የለም። ቀና ስል የእሳቸውም እጅ ወጥቷል።

«እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ይተዉት እንጂ!» አልኩ ተናድጄ። በማን እንደተናደድኩ እኔም አላውቅም።

«ሕፃኑ በምን ይታጠብ ታዲያ?» አሉኝ።

ሊፍቱ እዚያው ታሸገ። አራት ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አወጧቸው፤ እኔም ከዘራቸውን ይዤ ተከተልኩ። ተሸካሚዎቹ በየፎቁ ሲያርፉ እሳቸው በመስኮቱ ወደ መንገዱ ያያሉ።

በራቸው ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው አቀበሉኝ። ለፋሲካ የገዙት አዲስ ጫማ ነው።

«ቁጥራችን አንድ ነው፤ አንቺ አድርጊው።»

«ኧረ እትዬ! ለከርሞ ሊፍት እንመርጣለን፤ ያኔ ያደርጉታል።»

«ከርሞስ ልጅሽ ውሃ አይጠጣም?» አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።