የእሾህ ጫፍ

ጎረቤቷ አንዱዓለም ጠዋት ጠዋት አፉን እየተጉመጠመጠ በብረቱ አጥር ሽንቁር ጎመኗ ላይ መትፋት ከጀመረ አምስት ዓመቱ ነበር። የአለምወርቅ ስትቆጣው የአገሯ ልጅ መሆኑን እያነሳ ይስቅባታል። ያን ቀን ቅጠል ልትቀጥፍ እጇን ስትሰድ ጣቷ አክታው ላይ ተሙለጨለጨ።

ከጆሃንስበርጉ ሰፈራቸው ከኮዝሞ ሲቲ ዳር ካለው ሜዳ የግራር እሾህ ቆርጣ መጣች። ልጥ ከየት ይምጣ? በሱቋ ካርቶን ማሰሪያ ፕላስቲክ ከብረቱ ጋር ጥፍር አድርጋ ታስረው ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት አንዱዓለም የጥርስ ብሩሹን እንደጎረሰ ብቅ አለ። «እህቴ፣ ከብት ገዛሽ እንዴ? በጆበርግ የእሾህ አጥር!»

ማሰሯን ቀጠለች። ገጠር ያደገ ነውና ጠጋ ብሎ ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

«ምነው ጫፉን ወደ እኔ አዞርሽው? እሾህ ሲታጠር ግንዱ ወደ ሰው፣ ጫፉ ወደ ጅብ አይደለም እንዴ?»

«አባቴም እንደዛው ነው ያስተማረኝ» አለችና የመጨረሻውን ቋጠሮ አጠበቀች።

አንዱዓለም አፉን የሞላውን አረፋ የሚተፋበት ሽንቁር ፈለገ። ሲያጣ ጊዜ ዋጠው።