የልብስ ሰፊው አሥራ አንድ ድምፅ

«ከዋሸሁ ይህ ምላጭ ጉሮሮዬን ይቁረጠው!» ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

«መጀመሪያ ከኔ ጉሮሮ ላይ አንሳው» ይላል ልብስ ሰፊው፣ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ ፊቱ እስከ ዓይኑ ሥር በአረፋ ተሸፍኖ።

ምላጩ ከፍ ይላል። ወሬው ደግሞ ከምላጩም በላይ ከፍ ይላል።

ፀጉር አስተካካዩ በሕይወቱ አንዲት ቃል ዋሽቶ አያውቅም። ይህን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ከሱ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ብቻ እውነት ከስታ ሲያያት አንጀቱ አይችልም፤ ትንሽ ያወፍራታል። ባለ ሁለት ወንበሯ ፀጉር ቤት በሯ ላይ «ዓለም አቀፍ የውበት ማዕከል» የሚል የተጻፈባት በዚሁ ርኅራኄ ነው። ዛሬ ደግሞ እውነትን ጨርሶ ሊያደልባት ቆርጦ ተነስቷል። ምርጫው እሁድ ነው። የእህቱ ባል፣ የዱቄት ፋብሪካው ሂሳብ ሹም፣ ለክልሉ ምክር ቤት ይወዳደራል። ይህ ልብስ ሰፊ ደግሞ ሚስቱን፣ አማቱን፣ ለአቅመ ምርጫ የደረሱ ልጆቹንና ምራቶቹን ደማምሮ ቤቱ አሥራ አንድ መራጭ አለው። ባለፈው ጊዜ ተፎካካሪው ኮንትራክተር የምክር ቤቱን ወንበር የወሰደው በዘጠኝ ድምፅ ብልጫ ነበር።

«ቅዳሜ ዕለት ለምርጫ ክርክሩ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል» ይላል ምላጩን እየወለወለ። «ሁለት ሺህ ሰው! መስኮት ላይ ሰው፣ ጣሪያ ላይ ሰው።»

«ያ አዳራሽ ሁለት መቶ መያዙንም እንጃ» ይላል ተራውን የሚጠብቀው ሹፌር። የሰው ወሬ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ስለሚያደርግ «ፍሬን» ይሉታል።

«ጣሪያ ላይ አልኩህ እኮ! ጣሪያውን ደመርከው?»

«እሺ፣ ቀጥል።»

«ከዚያ የእህቴ ባል ብድግ አለ። ያ ሰላም ሲልህ እንኳ መሬት መሬት የሚያየው ሰውዬ እንዳይመስልህ። አንበሳ! በድምፁ ማይኩን አቃጠለው።»

«ማይክ አላቸው እንዴ እዚያ?»

«ተቃጠለ እያልኩህ! አሁንማ ከየት ይኖራቸዋል?»

ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደ ማይክ ይጨብጣል፤ ደረቱን ይነፋል። ፊት ለፊት በተሰቀሉት መስታወቶች ውስጥ አንዱ እሱ አሥር ይሆናል፤ አሥሩም አፋቸውን ይከፍታሉ።

«"አንተ ኮንትራክተር!" አለው። "አምስት ዓመት ሙሉ ወንበር ከማሞቅ በቀር ምን ሠራህ?" ኮንትራክተሩን ላብ አጠመቀው። ከፊቱ የተቀመጡት ሴቶች ጃንጥላ ዘረጉ!»

«ኧረ በናትህ!» ፍሬን ጉልበቱን ይመታል።

«ጫማውን ጥሎ ነው የሮጠው። ይኸው እስከ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ አለ።»

«ስንት ቁጥር ነው?»

«አንዱ አርባ ሁለት፣ አንዱ አርባ አራት። ሲመጣም ደንግጦ የሰው አድርጎ ነው የመጣው።»

ፍሬን አግዳሚው ላይ በሳቅ ይጋደማል። ልብስ ሰፊው ግን አይስቅም። ከአረፋው በላይ የሚታዩት ሁለት ዓይኖች ኮርኒሱን ይመለከታሉ፤ ከነሱ ምንም ማንበብ አይቻልም።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደገና ይወለውላል። የእህቱ ባል በየማለዳው ቁም ሳጥን ፊት ቆሞ ንግግር ይለማመዳል። ክራባት ማሰር ያስተማረው ራሱ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ሰውዬው ስድስት ጊዜ ተሳስቶ በሰባተኛው እንደ ሕፃን ደስ ብሎት ነበር። ያ ሰው እሁድ ማታ ክራባቱን አንገቱን ደፍቶ ሲፈታው ማየት አይፈልግም። አሥራ አንድ ድምፅ እዚህ እጁ ሥር፣ በአረፋ ተለውሶ ተኝቷል።

«እና ጋሼ» ይላል፣ ድምፁን እንደ ሽቶ እያለሰለሰ፣ «እሁድ ለማን ነን?»

ልብስ ሰፊው ቀና ይላል። በፎጣው ጫፍ ከከንፈሩ ላይ አረፋውን ይጠርጋል።

«እኔ እዚያ ነበርኩ» ይላል ቀስ ብሎ።

«የት?»

«አዳራሹ። ዝናብ ሲያባርረኝ ገባሁ። ከኔ ጋር አምስት ነበርን፤ አንዱ ጥበቃው ነው፣ እሱም ተኝቷል። ኮንትራክተሩ አልመጣም። አንተም አልነበርክም።»

«እኔማ... ውጭ ፖስተር...»

«የእህትህ ባል ከወረቀቱ ቀና ሳይል ያነብ ነበር። ድምፁ እኔ ጋ አልደረሰም፤ ወንበሬን ይዤ ቀረብኩት። ሲጨርስ፣ "ያ ኮንትራክተር አሥር የመንገድ መብራት አስተክያለሁ ይላል፣ እውነት ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። "ተሳስቷል" አለኝ። በል አሁን ሊዘለዝለው ነው ብዬ ተመቻቸሁ። "አሥራ ሁለት ናቸው" አለኝ። "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉትን ሁለቱን ረስቷቸዋል። እኔ ከሥራ ስገባ በነሱ ብርሃን ነው የምሄደው።"»

ፀጉር አስተካካዩ ማይክ የነበረችውን ማበጠሪያ ኪሱ ይከታል፤ መስታወት ውስጥ ያሉትም ይከታሉ።

«ቤት ገብቼ ለሁሉም ነገርኳቸው» ይላል ልብስ ሰፊው፣ እንደገና ወደ ኋላ እየተንጋለለና አንገቱን እየሰጠ። «አሥራ አንዳችንም ለእህትህ ባል ነን። አንተ ብቻ እባክህ ወንድሜ፣ እስከ እሁድ ዝም በልልን።»