መቀርቀሪያ የሌለው በር

ገበሬ የራሱን ማሽን እንዳይፈታ የሚከለክለው ሕግ ከወጣ ወዲህ የእትዬ ትርንጎ ቤት ብረት እየጎደለው ሄዷል። ሕጉን የሚያስከብረው መሣሪያ ሰብሳቢ ኤርሚያስ በመጣ ቁጥር ያገኘውን መፍቻ ይወስዳል፤ እሳቸው ደግሞ ከቤታቸው ብረት ነቅለው ሌላ ይሠራሉ። መጀመሪያ የመስኮቱ ፍርግርግ ሄደ፣ ቀጥሎ የአልጋው እግር።

ዛሬም የስንዴ መውቂያውን ከፍተው፣ መዘውሩን የሚያሽከረክረውን የተበላሸ ኩሽኔታ ገና ሲያላቅቁ ኤርሚያስ ደረሰባቸው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የታጨደው ስንዴ ሜዳ ላይ ተከምሯል።

«እትዬ፣ ማሽኑን የሸጠልዎት ኩባንያ ባለሙያ እኮ በወሩ ይመጣል!»

«እንግዲያው ዝናቡንም በወሩ ና በልልኝ!»

ኤርሚያስ በእጅ የተሠራውን የኩሽኔታ ማውለቂያ ተቀብሎ አገላበጠው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ቤቱ ሄደ። የብረት በሩ መቀርቀሪያ የለውም።

«ይሄ የበሩ ነው እንዴ? ሌባ ቢገባብዎትስ?»

«የእኔ ሌባ የሚመጣው በቀን ነው፤ ያውም መታወቂያ አንጠልጥሎ።»

ኤርሚያስ ማውለቂያውን ቦርሳው ውስጥ ከቶ መንገድ ጀመረ። ከግቢው ሳይወጣ ግን ከኋላው ድንጋይ ብረት ሲቀጠቅጥ ሰማ። ዞር ሲል፣ እትዬ ትርንጎ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው በሩን ከነማጠፊያው እየነቀሉ ነበር።