ቅዳሜ በክሮንበርግ

ሰብለወንጌል መርዶውን የሰማችው ሳታስበው ነው። ሐሙስ ማታ ጃንጥላዋን ልትወስድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስትመለስ የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር።

«ቀብሩ ካለቀ በኋላ መደበቅ ነውር ነው» አሉ ጋሼ ሳህሉ። በፍራንክፈርት ሐዘን ሲመጣ ሰው የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። «ቅዳሜ ይነገራት። ቤቱ እስኪዘጋጅ አንድ ሰው ከከተማ ያውጣት።»

«ምስኪን! ምን አንጀት ይችለዋል?» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ተናኘ።

ሰብለወንጌል ጃንጥላዋን ትታ ወጣች። የጓደኛዋ የዕንቁ ወንድም ሚናስ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከተኛ ወራት አልፈዋል። ትራሙ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

በማግስቱ ጋሼ ሳህሉ ደወሉ።

«ሰብለ ልጄ፣ ነገ ከዕንቁ ጋር ክሮንበርግ ብትወጡስ? ተራራውን አይታችሁ፣ ሥዕሉን አይታችሁ፣ ነፋስ ተቀብላችሁ ትመጣላችሁ።»

«እሺ ጋሼ። እርስዎ አያስቡ።»

«ተባረኪ» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ማታ እትዬ ተናኘ ሰብለወንጌል ወደምትኖርበት ሪደርቫልድ ሰፈር ድረስ መጥተው የቤቷን ቁልፍ ጠየቁ። የማኅበሩን ድስቶች የሚያስቀምጡበት ሰፊ ሳሎን አጥተው ነው አሉ። ሰብለወንጌል ገባት። ኒድ ሰፈር ያለችው የዕንቁ ክፍል አሥር ሰው አትችልም። ምንም ሳትጠይቅ ቁልፉን ሰጠች። እትዬ ተናኘ አቅፈዋት ቶሎ አልለቀቋትም።

አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ነው። እዚህ ሰው ሥራ ስላለው ቅዳሜ ከሰዓት ሆኗል። የቀረው ሥርዓት ግን ያው ነው። ሐዘንተኛዋ ራሷን መሬት ላይ እንዳትጥል ከኋላ ሆኖ ወገቧን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሰብለወንጌል ማንም ሳያዛት ያን ሥራ ለራሷ ወሰደች።

ቅዳሜ ጠዋት ዕንቁ ባቡር ጣቢያው ላይ ጥቁር ሹራብ ለብሳ ቆማ ነበር። ሰብለወንጌል የሹራቡን እጅጌ ነካ አደረገች።

«ምነው ጥቁር?»

«የታጠበው እሱ ብቻ ነው። ደግሞ ያቀጥነኛል።»

ሰብለወንጌል ሌሊቱን ስታስብ ያደረችው ስለ ዕንቁ ስልክ ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ መልእክት ከገባ ሁሉም ነገር ያበቃል። ኤስባኑ፣ የከተማው ባቡር፣ ሳይንቀሳቀስ ግን ዕንቁ ራሷ ቀደመቻት።

«ስልካችንን እንዝጋው። አንድ ቀን እንኳ ሰው እንሁን። ያንቺንም አምጪ፣ እኔ ቦርሳ ውስጥ ይሁን።»

ሰብለወንጌል እፎይ ብላ ሰጠቻት።

ክሮንበርግ የመስመሩ መጨረሻ ነው። የድንጋዩን ዳገት ወጡ። ጣውላቸው በግድግዳው ላይ የሚታይ አሮጌ ቤቶች፣ ከላይ ግንብ፣ ከበታች ደግሞ በጭጋግ ውስጥ የፍራንክፈርት ፎቆች እንደ ክብሪት እንጨት ቆመዋል። በድሮ ጊዜ ሠዓሊዎች ከከተማ ሸሽተው እዚህ ሰፍረው ነበር ይባላል። ሥዕሎቻቸው ከተሰቀሉበት ቤት ገቡ።

ፍሬያቸው ተጠብሶ የሚበላ፣ ካስታኒየን የሚባሉ ዛፎችን በሚያሳይ አንድ ሥዕል ፊት ሰብለወንጌል ቆመች። አባቷ ደሴ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥዕል ያስተማሩ ሰው ናቸው።

«አባዬ ይህን ቢያይ!» አለች። የሥዕሉን ፖስትካርድ ገዛች። «እሑድ ሳይደውል ቀረ። የደሴን ኔትወርክ መቼም ታውቂዋለሽ። ነገ ሲደውል ስለ ሥዕሉ እነግረዋለሁ።»

ዕንቁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አወቀች፣ ብላ አሰበች ሰብለወንጌል። ልብ መቼ ያጣዋል? ካርዱን በቦርሳዋ ደብቃ፣ አባት ያለው ሰው ወንድም በሞተበት ፊት እንዲህ ይቀባጥራል ወይ ብላ ራሷን ረገመች።

ካፌ ውስጥ አንዷ ሳህኗን ወደ ሌላዋ እየገፋች ተቀመጡ።

«ብዪ፣ ዕንቁዬ። አንድ ጉርሻ።»

«አንቺ ብዪ። በእኔ ሞት! ማታ ምን እንደምትበዪ አይታወቅም።»

«የልጅ ሞግዚት መሰልሽ እኮ።»

«አንቺ ምን መሰልሽ?»

ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ከከተማው በላይ ካለው የካስታኒየን ዛፎች ጫካ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አገኙ። ሰዎች የወደቀውን ፍሬ በከረጢት ይለቅማሉ። ዕንቁ ለረጅም ጊዜ እጇን ስታሻሽ ቆየች።

«ሰብሊ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?»

«አትንገሪኝ!» ብላ ጮኸች። ፍሬ ለቃሚዎቹ ዞረው አዩአቸው። «እባክሽ። ዛሬ ምንም እንዳትነግሪኝ። እለምንሻለሁ።»

ዕንቁ ከእግሯ ሥር አንድ ፍሬ አንስታ በእጇ ታገላብጠው ጀመር።

የመመለሻው ጊዜ ሲደርስ ሰብለወንጌል መነሳት አቃታት። እስካልተነገራት ድረስ ወንድም አላት፣ ብላ አሰበች። ከዚህ ወንበር ከተነሳን ግን እኔ ነኝ የገደልኩት። ባቡሩ ቢበላሽ፣ ተራራው ቢዘጋ፣ ማታ ባይሆን ብላ ተመኘች።

«ይህኛው ባቡር ይለፈን?» አለች።

«ይለፈን» አለች ዕንቁ። «የፈለግሽውን ያህል እንቀመጥ።»

ሁለት ባቡር አለፋቸው።

ሪደርቫልድ ሲደርሱ ሰብለወንጌል «ለሻይ ግቢ» አለቻት፤ ዕንቁም እሺ አለች። ደረጃው ሥር ቆሙ።

«ቅደሚ» አለች ሰብለወንጌል።

«አንቺ ቅደሚ። ቤቱ የማን ነው?»

ሰብለወንጌል ተሸንፋ ቀደመች። በየደረጃው ወደ ኋላ እያየች ወጣች። ከላይ ስትደርስ የራሷን ቤት ደወል ደወለች።

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ሳሎኑ ጥቁር በለበሰ ሰው ተሞልቷል። ጋሼ ሳህሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከመካከል ተነሡ። እትዬ ተናኘ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

ሰብለወንጌል የዕንቁን ወገብ ልትይዝ ዞረች።

የዕንቁ ሁለት እጆች ቀድመው የእሷን ወገብ ጨብጠው ነበር።