ለዲግሪዋ የተጨመሩት ሠላሳ ከብቶች

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም... ለወለደቻት እናቷ እንኳን።

ጁባ ላይ የሚያውቋት ሁሉ "ያን ያህል ተምራ የቤት እመቤት ሆና የቀረች" ይሏታል። እሷም አንገቷን ደፍታ ታልፋለች።

ጥሎሿ በተቆረጠበት ቀን ግን ስለ እሷ የሚወራው ሌላ ነበር...

"ሠላሳ ከብት ይጨመር!" አለ አጎቷ ማጆክ ከፕላስቲክ ወንበሩ ብድግ ብሎ። "አዱት እኮ መሐንዲስ ናት! ካምፓላ ድረስ ሄዳ ነው ሕንፃ መሥራት የተማረችው!"

ኒም ዛፉ ሥር ለጥሎሽ የተቀመጡት ሽማግሌዎች አጉረመረሙ።

የሙሽራው ወገን ተናጋሪ በምርኩዙ መሬቱን መታ መታ አደረገና...

"ማጆክ፣ ዲግሪው ይታለባል እንዴ?"

ሳቅ ሆነ።

"አንተ ማለብ ካላወቅህበት የላሟ ጥፋት ነው?"

ሳቁ ባሰ።

"እሺ፣ መሐንዲስ ናት። ታዲያ የሠራችው ቤት የታለ?"

አሁን የሳቀ የለም።

አዱት ከሸምበቆው አጥር ጀርባ የሻይ ትሪ ይዛ ቆማለች። ፊቷ ጋለ... ሰውየው እውነቱን ነዋ! ከተመረቀች ወዲህ የተቀጠረችበት ቢሮ ደሞዟን እየቆራረጠ ነው የሚሰጣት። ከትምህርቱ በእጇ የቀረው የሕንፃ ሥራ አጽድቆ የመፈረም ፈቃድና አንድ ማኅተም ብቻ ነው።

ለዚያ ማኅተም የተከፈለው ደግሞ የወንድሟ ከብት ነበር።

ማቢዮር ከአባታቸው የደረሱትን ከብቶች አንድ በአንድ ሸጦ አስተማራት። ሊያገባባቸው ያስቀመጣቸውን ከብቶች...

አሁን ፀጉሩ ሽበት ጀምሯል። የሚወዳት ልጅ ቤተሰቦች "ዝናቡ ሳይገባ ከብት ካልነዳህ ለሌላ እንሰጣታለን" ብለውታል። ወንድም ደግሞ የሚያገባው በእህቱ ጥሎሽ ነው። ሌላ መንገድ የለውም።

ሙሽራው ማኩር ተቋራጭ ነው። ፎቅ ያሠራል። እንደ ወጉ ከሽማግሌዎቹ መሀል አይገባም፤ ውጭ መኪናው ውስጥ ይጠብቃል። ተናጋሪው ሊያማክረው ወጣና ወዲያው ተመለሰ።

"ተቀብሏል።"

"ስንቱን?"

"ሠላሳውንም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ... ለጥሎሽ ሳይከራከር የሚቀበል ሰው አይተው አያውቁም። ቀናት የሚፈጀው ክርክር ነው የሙሽራዋ ክብር። ማጆክ ግን ደስታውን መደበቅ አቃተው።

"አያችሁ? የትምህርት ዋጋ የሚያውቅ ሰው አገኘን!"

አዱት የሻዩን ዝቃጭ ልትደፋ በጓሮ ወጣች። የማኩር መኪና ከአጥሩ ተጠግቶ ቆሟል። መስኮቱ ክፍት ነው።

"አንተ ሰውዬ አብደሃል?" ይላል ጓደኛው። "ለአንዲት ወረቀት ሠላሳ ከብት?"

"ሂሳብ አታውቅም ማለት ነው" አለ ማኩር። "ሕንፃ በጀመርኩ ቁጥር ለሚፈርም መሐንዲስ ስንት እከፍላለሁ? ከፍዬውም ደግሞ 'ብረት ቀንሰሃል፣ አልፈርምም' ይለኛል።"

"እና?"

"ሚስት ግን አልፈርምም ትላለች?"

ጓደኛው ሳቀ። "ሁለት ፎቅ ስትሠራ ከብቶችህ ተመለሱ በለኛ!"

"አንድም ይበቃል።"

"ቢወድቅስ?"

"ፊርማው የማን ነው?"

ሁለቱም ሳቁ።

አዱት የያዘችውን ሳትደፋ ተመለሰች።

ሲመሻሽ ማቢዮር መጣ። እንዲያ ሲስቅ ካየችው ስንት ዘመኗ!

"መሐንዲሷ! ዛሬ ልጅቷ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። አባትየው እጄን ጨበጠኝ... አስቢው፣ ያ ሰውዬ! እስከ ዛሬ ሲያየኝ ፊቱን ነበር የሚያዞረው።"

አዱት የሻይ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

"ምነው እህቴ? ማኩርን አልወደድሽውም? አሁኑኑ ንገሪኝ። ካልፈለግሽ ይቅር። ከብቱ ገደል ይግባ።"

የምሩን ነበር። ይህን ስላወቀች ነው እውነቱን መናገር ያልቻለችው። አንድ ቃል ብትተነፍስ ተነስቶ ሄዶ ጥሎሹን ያፈርሰዋል፤ ከዚያ ብቻውን ያረጃል።

"ወድጄዋለሁ" አለችው።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮዎች ሳይከፈቱ የመሐንዲሶች መመዝገቢያው በር ላይ ደረሰች። ሲከፈት ገብታ ፈቃዷንና ማኅተሟን ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

"ስሜን ሰርዙልኝ።"

ጸሐፊው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት።

"እህት፣ ሰው አስገባኝ ብሎ ሲለምነኝ ነው የማውቀው። ምክንያት?"

"ላገባ ነው።"

"እንኳን ደስ አለሽ! ታዲያ መሐንዲስ አያገባም እንዴ?"

አዱት ማኅተሙን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

"አንዴ ከተሰረዘ እንደገና መመለስ ቀላል አይደለም። ባልሽ ያውቃል?"

"ገና አያውቅም።"

ጸሐፊው ትከሻውን ሰበቀና ስሟን ከመዝገቡ ሰርዞ ማኅተሙን በምላጭ ቆራረጠው። የማቢዮር ከብቶች፣ የካምፓላ ዓመታት... ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ሆነው ጠረጴዛው ላይ ቀሩ።

አዱት ፍርፋሪውን በመዳፏ ጠርጋ ቅርጫት ውስጥ ጣለችና የሠርግ ልብሷን ልታሰፋ ወደ ገበያ ሄደች።

...

ወዳጆቼ፣ አጎቷ ዲግሪውን በከብት ገመተው። ማኩር በፎቅ ገመተው። ፎቁ ሥር ስለሚተኛው ሰው ያሰበችው የተማረችው ብቻ ነበረች።

ልጃችሁን ስታስተምሩ "ምን ያተርፋል?" ብቻ አትበሉ። ትርፉን ማን እንደሚበላው፣ ዕዳውስ በማን ስም እንደሚጻፍ ጠይቁ።

እናንተ በአዱት ቦታ ብትሆኑ ለማቢዮር እውነቱን ትነግሩት ነበር... ወይስ እንደ እሷ ዝም ትላላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።