ዘመኑ «ጥሩ ነው» ብሎ የመለሰው ዝርዝር

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በግንቦት ልደታ ማግስት ነው...

ወገዳ ከተማ፣ አንድ የምግብ ድጋፍ ፕሮግራም ቢሮ ግድግዳ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጠፈች።

«የካርድ ዝግጅት አስተባባሪ፦ ልመንህ» ትላለች።

ዘመኑ ሦስት ጊዜ አነበባት። ሦስቴም ያው ነች።

ሁለቱ በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በሥነ ምግብ የተመረቁ ናቸው። በነጥብ ዘመኑ ይበልጣል።

ከሰባት ዓመት በፊት ለቋሚ ቅጥር ሲፈተኑም አንደኛ የወጣው ዘመኑ ነው... የተቀጠረው ግን ልመንህ። ዘመኑ በኮንትራት ቀረ።

«ለምን?» ብሎ ኃላፊውን አቶ አወቀን ጠየቃቸው።

«ነገ እንነጋገራለን» አሉት።

ያ ነገ ሰባት ዓመት ሞላው...

ሰባቱን ዓመት ልመንህ ቢሮ ተቀመጠ፤ ዘመኑ በየቀበሌው በእግሩ ዞረ። ነፍሰ ጡሯን፣ አራሷን፣ የከሳውን ሕፃን እየለካ የመዘገበው እሱ ነው። በእሱ መዝገብ መሠረት በየወሩ ዱቄትና ዘይት በወረቀት ኩፖን ሲታደል ኖረ።

አሁን ወረቀቱ ቀርቶ የኤሌክትሮኒክ ካርድ ሊመጣ ነው። እናቲቱ ካርዷን ይዛ ውል ወደያዘው ነጋዴ ትሄዳለች፤ ማሽኑ ላይ ታስነካለች፤ ድርሻዋን ትወስዳለች።

ሹመቱም ለልመንህ...

ከዚያ ቀን ወዲህ የዘመኑ ዓይን ሌላ ነገር ማየት ተወ።

የልመንህን አዲስ ታብሌት ያያል። ጃኬቱን ያያል። እናቶቹ «ልሜ፣ ዕድሜ ይስጥህ» እያሉ ሲመርቁት ይሰማል። ሻይ ቤት ውስጥ እንኳ ለልመንህ ቀድሞ ሲቀዳ ልብ ይላል።

«ምነው ዘመኑ፣ ጠቆርክሳ» አለችው የሻይ ቤቷ ባለቤት ይታይሽ።

«ፀሐይ ነው።»

«ልመንህ ሲገባ ብቻ የሚወጣ ፀሐይ» አለችና ብርጭቆዋን ማጠቧን ቀጠለች።

አምስት ሳምንት አለፈ። ልመንህ ታብሌቱን ይዞ መጣ።

«ዘሜ፣ መዝገብህን እንዳለ ገልብጬዋለሁ። ካርዱ ሳይታተም አንዴ እየው እስኪ። ከአንተ በላይ የሚያውቃቸው የለም።»

ዘመኑ ገና የመጀመሪያውን ገጽ እንዳየ ገባው።

በዚያ አገር ሴት ልጅ ስትዳር አማቷ አዲስ ስም ያወጡላታል። በባሏ ቤት የምትጠራው በዚያ ስም ነው፤ ዘመኑም ሲመዘግብ ጎረቤት በሚጠራቸው ስም መዝግቧል። በወረቀቱ ጊዜ ችግር አልነበረውም... እያንዳንዷን በመልኳ ያውቃታልና።

መታወቂያቸው ላይ የሰፈረው ግን አባት ያወጣው ስም ነው። ካርዱና መታወቂያው ካልተገጣጠሙ ደግሞ ነጋዴው አይሰጥም።

ልመንህ ከተማ ያደገ ሰው ነው። ይኼ አልታየውም።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር...

ዘመኑ ታብሌቱን መለሰለት።

«ጥሩ ነው» አለው።

በልቡ ግን «እስኪ አንተም አንድ ቀን እፈር» አለ።

የሰኔ ሚካኤል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ካርዱ ሥራ ጀመረ። የወረቀት ኩፖኑ በዚያው ዕለት ተሰረዘ። ዘመኑ ከነጋዴው መጋዘን ፊት ለፊት ቆሞ ያያል።

ሰርኬ የምትባል እናት አራት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ደርሳለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ክንዱ ሲለካ የመለኪያው ቀይ ምልክት ላይ የወደቀ ነው... ዛሬ ነገ የማይባልለት ማለት ነው።

«ካርዱ ብርቄ ይላል፤ መታወቂያሽ ሰርኬ» አላት ነጋዴው። «የማንን ካርድ ነው ያመጣሽው?»

«የራሴን ነዋ። ሰርኬ አባቴ ያወጣልኝ፣ ብርቄ አማቴ ያወጡልኝ።»

«ማሽኑ አማትሽን አያውቃቸውም፣ እቴ። ዞር በይ ለሰው።»

ቀጥላ ያለችውም ያው ሆነች... ከእሷ ቀጥላ ያለችውም።

ማሽኑ አጠገብ የቆመው የልመንህ ፊት አመድ መሰለ። ዘመኑ ደስ አለው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ... በጣም ደስ አለው።

ያን ጊዜ ሰርኬ አየችው።

«ወንድምዓለም፣ አንተ ታውቀኝ የለም? የዚህን ልጅ ክንድ የለካኸው አንተ አይደለህ? ብርቄ እኔው ነኝ፣ በላቸው እንጂ።»

ተናገረላት። ነጋዴው ግን «እኔን የምታዘኝ ይህች ማሽን ናት» አለ። እርማቱ ሃያ ቀን ይፈጃል ተባለ።

ሰርኬ ባዶ ስልቻዋን አጣጥፋ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች።

ልመንህ በቀሩት እናቶች ፊት ቆሞ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በሉኝ» አለ። የዘመኑን ስም አላነሳም።

ከሰዓት በኋላ አቶ አወቀ ዘመኑን አስጠሩት። ጠረጴዛቸው ላይ ልመንህ ከዝርዝሩ ጋር ያስገባው ደብዳቤ አለ።

«እኔ በሰኔ መጨረሻ ሥራ እለቃለሁ። ይህን ዝርዝር ያጣራው ዘመኑ ነው። ቦታው ድሮም የሚገባው ለእሱ ነበር፤ በእኔ ምትክ እሱ ይመደብልኝ» ይላል።

«ልንመድብህ ነበር» አሉት አቶ አወቀ። «አጣራው የተባለው ዝርዝር ግን ይኸው።»

ዘመኑ ጣቱን ደብዳቤው ላይ አሳረፈ።

«'ድሮም የሚገባው ለእሱ' ይላል። ልትመድቡኝ ከነበረ እርስዎም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ያኔ ለምን?»

አቶ አወቀ ደብዳቤውን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«አሁን የምናወራው ስለ እናቶቹ ነው» አሉ።

ወገኖቼ... ቅናት ያነጣጠረበትን ሰው አይመታም። እሱን ይስትና ከኋላው ተራ የምትጠብቀውን እናት ያገኛታል። ዘመኑ አጥፍቷል። አንድ ቃል ነፍጎ የሕፃን አፍ ሃያ ቀን ዘግቷል።

ግን... ሰውን ሰባት ዓመት ያለ መልስ አስቀምጦ ልቡ እስኪሻግት የጠበቀውስ?

እናንተ ብትሆኑ ከሁለቱ ማንን ትጠይቃላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉት።

ይህን የምታነቡ ኃላፊዎችም አላችሁ፤ እናውቃለን። አንደኛ የወጣውን ለምን እንዳስቀራችሁት ታውቁታላችሁ። «ፈጣሪ ያውቃል» አትበሉን... እሱን አልጠየቅንም።

እናንተ መልሱ።